ምግቡን ብንቀይርለት የውሻችን ተቅማጥ ለምን ባሰ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ነው። ዕድሜው አራት ዓመት የሚሆን፣ ግቢ የሚጠብቅ ወንድ ውሻ አለን። ከጥቂት ወራት ወዲህ ዓይነ ምድሩ አንድ ሰሞን ይረጋል፣ አንድ ሰሞን ይቀጥናል፤ ሆዱም ይጮኻል። ያም ሆኖ ይበላል፣ ይጫወታል። የእንስሳት ሐኪም ዓይነ ምድሩን መርምሮ የትል መድኃኒት ሲሰጠው ለጊዜው ተሻለው፤ ሲመለስበት ግን ለሆድ የሚስማማ የተለየ ምግብ እንድንጀምርለት መከረን። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ አንድ ከረጢት ገዝቶ ላከልንና በዚያው ቀን የቀድሞውን ምግብ አቁመን አዲሱን ሰጠነው። በማግሥቱ ተቅማጡ ባሰበት። ደረቁን ምግብ እምብዛም ስለማይወደው ልጆቹ ሽሮ ፍትፍት ይቀላቅሉለታል። ባለቤቴ «የፈረንጅ ምግብ አልተስማማውም፣ ተዉት» ይላሉ፤ ዋጋውም በየወሩ የምንችለው አይደለም። እናቁም ወይስ እንቀጥል? ቤት ውስጥ አዘጋጅተን መስጠትስ እንችላለን?

መልስ፦ ተቅማጡ በማግሥቱ መባሱ ምግቡ ለውሻዎ እንደማይስማማው አያረጋግጥም። በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የሚበዙትም የሚመናመኑትም በሚቀርብላቸው ምግብ ዓይነት ነው። ለወራት የለመደውን ምግብ ሲፈጭ የኖረ አንጀት በአንድ ጀምበር ሌላ ፕሮቲን፣ ሌላ የስብ መጠንና ሌላ አሰር (ፋይበር) ሲመጣበት፣ በሚገባ ያልተፈጨው ክፍል ወደ ታችኛው አንጀት ወርዶ ውኃ ይስባል፤ ዓይነ ምድሩም ይቀጥናል። እንዲህ ያለው የአንድና የሁለት ቀን ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ለውጡ ከመፍጠኑ የተነሣ ስለሆነ፣ ባለቤትዎ በከረጢቱ ላይ የሰጡት ፍርድ ገና ጊዜው ያልደረሰ ይመስለኛል።

ስለዚህ ከረጢቱን አይጣሉት። ውሻው ንቁ ከሆነ፣ የማያስታውክና ውኃ የሚጠጣ ከሆነ፣ ዓይነ ምድሩ እስኪረጋ ድረስ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን በውኃ ብቻ የተቀቀለ ነጭ ሩዝ ቆዳውና አጥንቱ ከወጣለት የዶሮ ሥጋ ጋር ይስጡት፤ ሩዙ የሥጋውን ሁለት እጥፍ ያህል ይሁን፤ የቀኑንም ድርሻ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ከፋፍለው ያቅርቡለት። ጨው፣ ቅቤ፣ ዘይትና ቅመም አይገባበትም። ከዚያ በኋላ አዲሱን ምግብ በሩብ ይጀምሩ፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ግማሽ፣ ቀጥሎም ወደ ሦስት አራተኛ ከፍ እያደረጉ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያሸጋግሩት። በመካከሉ ከቀጠነበት ወደ ቀደመው መጠን ተመልሰው አንድ ሁለት ቀን ይቆዩ። ደረቁን ምግብ አልበላም ካለ ለብ ባለ ውኃ አርሰው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩለት፤ ሽታው ስለሚወጣ አብዛኞቹ ውሾች ያን ጊዜ ይቀበሉታል።

ሽሮ ፍትፍቱ ግን ከዛሬ ጀምሮ መቅረት አለበት። የሽሮ እህል ራሱ፣ ማለትም አተሩ፣ ሽምብራውና ባቄላው፣ የታወከ አንጀት ውስጥ ጋዝ ይፈጥራል፤ ከዚህ የሚከፋው ግን ቀይ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ነው። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳሉ፤ መብሰላቸውም ሆነ ደርቀው ከበርበሬና ከሽሮ ጋር መፈጨታቸው ጉዳቱን አያስቀረውም። ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ ሲገረጣ፣ ሽንቱ ሲጠቁርና ውሻው ሲደክም ነው የሚታወቀው። ከዚህም ሌላ የሐኪምዎ ምክር ፍሬ ማፍራት አለማፍራቱን ማወቅ የሚቻለው ውሻው የታዘዘለትን ምግብ ብቻ ሲበላ ነው። ልጆቹ የሚጥሉለት ቁራሽ ዳቦ፣ ጎረቤት በአጥር ላይ የሚወረውርለት አጥንት፣ ከድስት ግርጌ የተፋቀ ወጥ፣ እነዚህ ሁሉ ተጨምረውበት «አልሠራም» ማለት አይቻልም። በእኔ ግምት በየቤቱ የተለየ ምግብ ተሞክሮ «ከንቱ ሆነ» የሚባለው በአብዛኛው በእነዚህ ጭማሪዎች ምክንያት ነው።

በደብዳቤዎ ውስጥ ያልጠቀሱት፣ እኔ ግን የምጠረጥረው ሌላም ነገር አለ። ውሻችሁ የሚበላው የቤታችሁን ትርፍራፊ ከሆነ ሆዱ የሚመራው በጾምና በፍስክ መቁጠሪያ ነው ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ ሽሮና ምስር ይደርሰዋል፤ በሁዳዴ ደግሞ ለ55 ቀናት ሥጋ የሚባል ነገር አያይም፤ የፋሲካ ዕለት ማለዳ ግን የዶሮው አጥንት፣ የበጉ ጮማና ቅቤ የጠጣው እንጀራ ባንድ ላይ ይወርዱለታል። ይህም የከረጢቱን ምግብ በአንድ ቀን ከመጀመር የባሰ ድንገተኛ ለውጥ ነው፤ ያውም በየዓመቱ ደጋግሞ የሚመጣ። ብዙ ስብ ባንድ ጊዜ መብላት የቆሽት መቆጣትን ሊያስነሣ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ውሻው ደጋግሞ ያስታውካል፣ ሆዱን ሲነኩት ያመዋል፣ አንዳንዴም የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ ኋላውን ከፍ አድርጎ ይቆማል። የበሰለ አጥንት ደግሞ ሲሰበር ስለታም ስለሚሆን ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። እንግዲህ ተቅማጡ የመጣባቸውን ቀናት በቤታችሁ ካላንደር ላይ ምልክት እያደረጉ ለጥቂት ሳምንታት ይከታተሉ፤ ከፍስክ ቀናት ጋር የሚገጥም ከሆነ ለሐኪምዎ ትልቅ ፍንጭ ይሆናል። ጾም የሰው ሥርዓት ነውና ለውሻው የተለየ ድስትና የተለየ ሳህን ቢመደብለት ማዕዳችሁን አይነካም፤ እርሱም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ምግብ ያገኛል።

በቤት ማዘጋጀት ይቻላል፣ ገደብ ግን አለው። ሰሜን ሸዋ የገብስ አገር በመሆኑ በሩዝ ፈንታ ያለ ጨውና ያለ ቅቤ እስኪለሰልስ የበሰለ የገብስ ቅንጬ መጠቀም ይችላሉ፤ ገብስ ውኃ የሚይዝ አሰር ስላለው ለብዙ ውሾች ይስማማል። የተቀቀለ ድንች ወይም ጥቂት የተቀቀለ ዱባ መጨመርም ይቻላል። ወተት ግን ይቅርበት፤ አብዛኞቹ ያደጉ ውሾች የወተቱን ስኳር በሚገባ አይፈጩትም። ዶሮና ሩዝም ሆነ ሥጋና ቅንጬ ብቻውን የተሟላ ምግብ አለመሆኑን ግን ይወቁት፤ ሥጋ ፎስፈረስ የበዛበትና ካልሲየም ያነሰው ነው፤ ቫይታሚኖችና ማዕድናትም ይጎድላሉ። ለአደገ ውሻ ለአንድ ሳምንት ያህል ችግር የለውም፤ ከዚያ በላይ ለመቀጠል ካሰቡ ግን የካልሲየሙን ምንጭና መጠን ሐኪሙ ይወስንልዎ። በማደግ ላይ ላለ ቡችላ እንዲህ ያለውን ምግብ ማዘውተር አጥንቱን ያጣምመዋል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የተለየ ምግብ ሁልጊዜ የዕድሜ ልክ ዕዳ አይደለም። ከምግብ ጋር የተያያዘ የአንጀት ችግር ያለባቸው ብዙ ውሾች በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ያሳያሉ፤ ስለዚህ ያላችሁን ከረጢት በሥርዓቱ ከተጠቀማችሁበት ሳያልቅ መልሱን ሊሰጣችሁ ይችላል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ለሐኪምዎ ያሳዩ፤ ለሆድ የሚባሉት ምግቦች ሁሉ አንድ አይደሉምና። አንዱ በቀላሉ የሚፈጭና ስቡ የቀነሰ ነው፤ ሌላው አሰሩ የበዛ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሰውነት እንዳይቆጣበት ፕሮቲኑ አስቀድሞ ወደ ጥቃቅን ክፍልፋይ የተሰበረ ነው። ሐኪሙ የጠረጠረው የፕሮቲን አለመስማማት ከሆነ፣ ውሻው ከዚህ በፊት ቀምሶት የማያውቀውን አንድ የሥጋ ዓይነት ከአንድ የእህል ዓይነት ጋር ብቻ መሞከር ርካሹ መንገድ ነው። በጉም፣ በሬውም፣ ዶሮውም ደጋግሞ ለደረሰው የደጋ ውሻ ከቆላው፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል የሚመጣው የፍየል ሥጋ ለዚህ ሊያገለግል ይችላል።

የደብረ ብርሃንንም ብርድ አይርሱት። በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሌሊቱን ውጭ የሚያድር ውሻ ሰውነቱን ለማሞቅ ብዙ ጉልበት ያወጣል፤ ስቡ የቀነሰ ምግብ ደግሞ ጉልበቱም ያነሰ ነው። ውሻውን አቅፈው ሚዛን ላይ ይውጡ፣ ከዚያ የራስዎን ክብደት ይቀንሱ፤ በየሳምንቱ እየመዘኑ ከቀነሰ የቀኑን ድርሻ ይጨምሩለት።

በቤት የምታርዱት በግ ካለ ጥሬ ሳንባ፣ ጉበትና ጭንቅላት ለውሻው አይጣልለት። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን ሳንባ ወይም ጉበት የበላ ውሻ በአንጀቱ ጥቃቅን የኮሶ ትሎችን ይሸከማል፤ ራሱ ሳይታመም እንቁላላቸውን ከዓይነ ምድሩ ጋር ያወጣል፤ ያ እንቁላል በእጅና በምግብ በኩል ወደ ሰው ሲገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ያመጣል። በመንዝ በግ አርቢዎች ዘንድ አዙሪት የሚባለው በሽታም ዑደቱን የሚጨርሰው ውሻ የታመመውን በግ አንጎል ሲበላ ነው። የሆድ ዕቃውን በጥልቅ ቅበሩት፤ መስጠት ካለባችሁ ግን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በደንብ ይፍላ። ሐኪሙ የሰጠው የትል መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ያለበት መሆኑንም ይጠይቁ፤ ለኮሶ ትል የሚያገለግለው እርሱ ነው።

ደም የተቀላቀለበት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር ካዩ፣ ውሻው ደጋግሞ ካስታወከ፣ ከአንድ ቀን በላይ ምግብ እንቢ ካለ ወይም የጀርባ ቆዳውን ቆንጥጠው ሲለቁት ቶሎ ካልተመለሰ፣ ምግብ መቀያየሩን ትተው ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ያልተከተበ ቡችላ ከሆነማ አንድ ሌሊት ማሳደርም አይገባም። ለሰው የታዘዘ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ በፍጹም አይስጡት፤ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዱታል። ከቤት የተረፈ የሜትሮኒዳዞል ፍሬም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ፤ የአንጀቱን ጠቃሚ ባክቴሪያ ስለሚያጠፋ የደከሙበትን ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፈው። ለውሻችን የተገዛውን የሆድ ምግብ ድመታችን እየሰረቀች መብላት ጀምራለች። ይጎዳት ይሆን?

መልስ፦ አልፎ አልፎ ብትቀምሰው አይጎዳትም። ዋና ምግቧ ከሆነ ግን ይጎዳታል፤ ድመት ከውሻ የበለጠ ፕሮቲን የምትፈልግ እንስሳ ስትሆን፣ ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ራሷ ማምረት ስለማትችል ከሥጋ ማግኘት አለባት። የውሻ ምግብ ይህንን እንዲያሟላ ተደርጎ አይሠራም፤ እጥረቱም ቀስ በቀስ ዓይኗንና ልቧን ይጎዳል። የውሻውን ሳህን እንደጨረሰ ያንሡት፣ የእርሷንም ምግብ እርሱ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ያድርጉላት። የእርሷን ምግብ ለመቀየር ቢያስቡም በዝግታ ይሁን፤ «ሲርባት ትበላዋለች» ብሎ መጠበቅ ለድመት አይሆንም። በተለይ ወፍራም ድመት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሳትበላ ከቆየች ስብ በጉበቷ ላይ ተከማችቶ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ሕመም ስለሚያመጣ፣ አዲሱን ምግብ አንድ ሙሉ ቀን እንቢ ካለች የቀድሞውን ይመልሱላት።