በማግስቱ የሚሰነጠቀው ብየዳ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምሠራው አዘዞ ነው። ባለፈው ሳምንት የቦይለር የእንፋሎት ቧንቧ በየድኩ። ብረቱ 2.25 በመቶ ክሮሚየምና 1 በመቶ ሞሊብዲነም አለው። ማታ ሳየው ንጹህ ነበር። ጠዋት ስመጣ ከብየዳው ጎን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘሁ። ማን ነካው?

መልስ፦ ማንም አልነካውም ወንድሜ። የሰነጠቀው ሃይድሮጅን ነው። ከኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ከመበየጃው ዘንግ፣ እርጥበት ወጥቶ በቀለጠው ብረት ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ ብረት ደግሞ ቶሎ ከበረደ ይጠነክርና ተሰባሪ ይሆናል። ሲበርድ ስለሚኮማተር መጋጠሚያው ይወጠራል። ሦስቱ ሲገናኙ ይሰነጠቃል፤ ያውም ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከሁለት ቀን በኋላ።

እኔም ደርሶብኛል። ነሐሴ ነበር፤ የጎንደርን ክረምት ታውቀዋለህ። የተከፈተ የኤሌክትሮድ ፓኬት ጣውላ ላይ አሳደርኩ። ቧንቧውን በጋዝ ለብ አደረግኩና እጄን አስጠግቼ «በቃ ሞቋል» አልኩ። በሁለተኛው ቀን ተሰንጥቆ አገኘሁት። «እንፋሎት ገብቶበት ሰው አጠገቡ ቢቆምስ?» እያልኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ስለዚህ ሙቀትን በእጅ አትለካ። የሙቀት ጠመኔ ግዛ፤ የተጻፈበት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ይቀልጣል። ቧንቧውን ዙሪያውን ቢያንስ 200 ዲግሪ አድርሰው፤ ከመጋጠሚያው 75 ሚሊሜትር ራቅ ብለህም ለካ። ከዋናው ብየዳ በፊት ቧንቧውን ለሚይዙት ትንንሽ የብየዳ ነጥቦችም ቢሆን ይህንኑ አድርግ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚያ ላይ ነው። እስክትጨርስ ከዚያ በታች አይውረድ። መሃል ላይ መብራት ከሄደብህ ጋዙን እንዳታጠፋ!

ኤሌክትሮዱ ለዚህ ዓይነት ብረት የተሠራው ኢ9018-ቢ3 ይሁን፤ ለተራ ብረት የሚሆነው 7018 አይተካውም። ሙቀቱን በሚቆጣጠር ምድጃ 350 ዲግሪ አካባቢ ለ1 ወይም 2 ሰዓት አድርቀው፤ ፓኬቱ ላይ ሌላ ከተጻፈ እሱን ተከተል። ከዚያ ከሙቅ መያዣ ጥቂት ጥቂት እያወጣህ ሥራ።

ስትጨርስ ሳይበርድ ወደ 300 ዲግሪ አሙቀውና ለ2 ሰዓት ያህል አቆየው፤ ሃይድሮጅኑ የሚወጣው ያኔ ነው። ከዚያ በሴራሚክ ብርድ ልብስ ጠቅልለህ ቀስ ብሎ ይብረድ። ቀጥሎ ያለው፣ የጠነከረውን ብረት 700 ዲግሪ አካባቢ አሙቆ ማለስለስ፣ በእጅ ጋዝ የሚሞከር አይደለም፤ መሣሪያው ያላቸውን ጥራ።

የአሁኑን ስንጥቅ በላዩ ላይ አትበይደው። እስከ ሥሩ ፍጨው፤ ማለቁን ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ በሚያሳይ የቀለም ፈሳሽ ፈትሽና ከመጀመሪያው ጀምር። ከ48 ሰዓት በኋላ እንደገና ፈትሸው። እስከዚያ ቦይለሩን እንዳታስነሱት።