እንመካከር፦ አያቴ «ጨሌ» ያለችው መቁጠሪያ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ እትዬ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አማቴ ካቶሊክ ነበሩ። አምና ጥር ላይ ሲያርፉ የሚጸልዩበት መቁጠሪያ ለእኔ እንዲሰጥ ተናዘው ነበር። እኔም በባለቤቴ እምነት ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ማታ ልጄን ካስተኛሁ በኋላ በእሱ ለመጸለይ እሞክራለሁ። በፋሲካ ሰሞን አያቴ ከቢቡኝ ልትጠይቀኝ መጥታ ራስጌዬ ላይ ተሰቅሎ አየችው። ‹ይሄ የፈረንጅ ጨሌ ቤትሽ ምን ይሠራል?› ብላ እዚያ ክፍል አልተኛም አለች፤ ሳሎን አደረች። ከዚያ ወዲህ እጄ ፈራ። ለመሆኑ ይህ ነገር ከየት መጣ? አንድ ቃል 50 ጊዜ መደጋገምስ ጌታ ‹በከንቱ አትድገሙ› ያለውን መጣስ አይሆንም ወይ? ደግሞ እውነቱን ልናገርና በጸሎቱ ከማሰላስላቸው አምስት የጌታ ሕይወት ምስጢሮች ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሐሳቤ የነገ ሽሮ ላይ ነው። ይህም ጸሎት ይባላል?»

መልስ፦ ልጄ፣ ከአያትሽ ልጀምር፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ የነካኝ የእሳቸው ነገር ነው። በእኛ አገር ጨሌ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው የዛሩን ነው። ለውቃቢ ተብሎ በክር የሚሰካ፣ ቅቤ የሚቀባ፣ ቡና የሚፈላለት፣ ባለቤቲቱ ስትሞት «ማን ይረከበው?» ተብሎ የሚፈራ ነገር ነው። ያንቺ መቁጠሪያ ደግሞ ከሟች እጅ መጥቶ ራስጌ ላይ ተሰቅሏል። በእሳቸው ዓይን ካየሁት እኔም እደነግጣለሁ። ስለዚህ አትቀየሚያቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ከባዕድ አምልኮ ለመጠበቅ ነው ሳሎን ያደሩት።

«የፈረንጅ» ያሉትም ዝም ብሎ የመጣ ቃል አይደለም። እኔ ያደግሁት መርጡለ ማርያም አጠገብ፣ ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ዘመን የድንጋይ ፍርስራሽ እያየሁ ነው (ዓመቱን ሁሉ የምነግርሽ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ዓፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በሕዝቡ ላይ በዐዋጅ ሲጭኑት፣ በ1632 ራሳቸው ዐዋጁን እስኪሽሩት ድረስ ብዙ ደም ፈስሷል። ያ ታላቅ በደል ነበር። ካቶሊክ ነኝ፤ ይህንንም ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ግን ከዚያው ከመርጡለ ማርያም አካባቢ በ1791 የተወለዱ አባ ገብረ ሚካኤል የሚባሉ መነኩሴም አሉን። ማንም ሳያስገድዳቸው መጽሐፍ ሲመረምሩ ኖረው በ1844 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። በ1855 በእግር ብረት እንደ ታሰሩ ዐረፉ፤ በ1926 ብፅዕናቸው ታወጀ። ከአያትሽ የሱስንዮስን ስትሰሚ የእኒህን የጎጃም ሰው ደግሞ ንገሪያቸው።

አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ፤ መቁጠሪያውን ከራስጌሽ አውርጂው። እሱ ሰቅለውት ቤት የሚጠብቅ ክታብ አይደለም። በእጅ ተይዞ ይጸለይበታል፣ ከዚያ በኋላ ከመጽሐፍ ቅዱስሽ አጠገብ ይቀመጣል። አያትሽ ተመልሰው ሲመጡ የራሳቸውን መቁጠሪያ እንዲያሳዩሽ ለምኛቸው። የእናቴ 64 ፍሬ ነበረው፣ በእመቤታችን ዕድሜ ልክ። 41 ያለውም አለ፣ ጌታ በተቀበለው ቁስል ልክ፤ ኪርያላይሶን ይባልበታል። የእሳቸውንና ያንቺን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ አያትሽ ራሳቸው ዝምድናውን ያዩታል። ቃሉም ቢሆን ቅርብ ነው። እሳቸው «እመቤቴ ማርያም ሆይ፣ በመልአኩ በቅዱስ ገብርኤል ሰላምታ ሰላም እልሻለሁ» ይላሉ፤ አንቺም የምትይው ያንኑ የገብርኤልን ሰላምታና የኤልሳቤጥን ቃል ነው፤ ሁለቱም ሉቃስ ምዕራፍ 1 ላይ አሉ። «ስለ እኛ ለምኚልን፣ አሁንም በሞታችንም ጊዜ» የሚለው መጨረሻው ዛሬ በምንለው መልክ በሮም የጸሎት መጽሐፍ የጸናው በ1568 ነው።

ከየት መጣ ላልሽው፣ መነሻው በረሃ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ ጳውሎስ የሚባል መነኩሴ በቀን 300 ጸሎት ያደርስ ነበር። ቁጥሩ እንዳይጠፋበት 300 ጠጠር ለቅሞ እቅፉ ውስጥ ያስቀምጣል፤ አንድ ጸሎት ባደረሰ ቁጥር አንድ ጠጠር ይጥላል።

ቀጥሎ ያለው አባቴን ያስታውሰኛል። አባቴ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያሉ 150ውን መዝሙር በሳምንቱ ያዳርሱታል። እናቴ ግን ፊደል አልቆጠረችም፤ የእሷ ዳዊት መቁጠሪያዋ ነበር። በአውሮፓ ገዳማትም የሆነው ይኸው ነው። የተማሩት መነኮሳት 150ውን መዝሙር ሲደግሙ፣ ማንበብ የማይችሉት ወንድሞችና ገበሬው በምትኩ 150 ጊዜ «አባታችን ሆይ» ይሉ ጀመር፤ ለመቁጠርም ፍሬ በክር ሰኩ። እየቆየ የገብርኤልን ሰላምታ 150 ጊዜ ማድረስ ተለመደና «የእመቤታችን ዳዊት» ተባለ። አማትሽ የተዉልሽ እንግዲህ የማያነብ ሰው ዳዊት ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ እናቴ ትታየኛለች።

እመቤታችን ለዶሚኒካን መነኮሳት መሥራች ለቅዱስ ዶሚኒኮስ በ1208 ሰጠችው ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ትውፊቱን አከብረዋለሁ፤ ግን በእሱ ዘመን የተጻፈ ማስረጃ አልተገኘለትም። ነገሩ በሰፊው የተሰማው በ1475 ባረፈው በዶሚኒካኑ መነኩሴ በአላን ደ ላ ሮሽ ስብከት ነው፤ ጸሎቱ በማኅበር እንዲደርስ ያደረገም እሱ ነው። እኔ ግን ከሁሉ የማመሰግነው ከእሱ ቀደም ብሎ በትሪየር የነበረውን ፕሩሺያዊ መነኩሴ ዶሚኒክን ነው። በ50ው ሰላምታ በእያንዳንዱ ላይ ከጌታ ሕይወት አንድ ነገር ጨመረ፤ መወለዱን፣ መሰደዱን፣ መሰቀሉን። ከዚያ ወዲህ መቁጠሪያው ከመቁጠሪያነት አልፎ ወንጌል ሆነ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 5ኛ በ1569 ባለ 15 ምስጢሩን ሥርዓት አጸኑት፤ የደስታ፣ የሐዘን፣ የክብር እያልን አምስት አምስት አድርገን የምንጸልየው ያ ነው። በ2002 ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ሐሙስ ሐሙስ የሚጸለዩትን አምስቱን የብርሃን ምስጢሮች ጨመሩ። የጌታ ጥምቀት፣ የቃና ሠርግ፣ የመንግሥቱ ስብከት፣ በደብረ ታቦር መገለጡ፣ የመጨረሻው እራት ናቸው። እስቲ አስቢው፤ ጥር 11 እና 12 ታቦት አጅበሽ፣ ነሐሴ 13 ቡሄ ጨፍረሽ፣ ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን በልተሽ ላደግሽ ልጅ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው የፈረንጅ?

ሮዛሪዩም የሚለው ስሙም ያስደስተኛል። በላቲን የጽጌረዳ አትክልት ቦታ ማለት ነው። በዓሉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7፣ በእኛ መስከረም 27 ይውላል፤ ካቶሊኮች ቱርኮችን በባሕር ላይ ያሸነፉበት የሌፓንቶ ጦርነት ድል መታሰቢያ ሆኖ ከ1571 በኋላ የተጀመረ ነው፤ የጦርነቱን ነገር እዚህ አላራዝመውም። አያትሽ ደግሞ መስከረም 26 ጽጌን ይጀምራሉ። ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ተቁሞ እመቤታችን በአበባ፣ ልጇ በፍሬ እየተመሰሉ የሚመሰገኑበት ወቅት ነው። የጮቄ ግርጌ በአደይ ቢጫ ሲሆን በአንዱ ቤት ጽጌ፣ በሌላው የጽጌረዳው ጸሎት ይደርሳል። ይህን ያወቅሁ ዓመት እንባዬ መጥቷል።

አሁን ወደ «በከንቱ አትድገሙ»። ማቴዎስ 6፥7ን ሙሉውን አንብቢው፤ «አሕዛብም በመናገራቸው ብዛት እንዲሰሙ ይመስላቸዋልና» ይላል። የተከለከለው እግዚአብሔርን በቃል ብዛት ለማስገደድ መሞከር ነው። ያው ጌታ በጌቴሴማኒ ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቃል ደግሞ ጸልዮአል፤ ማቴዎስ 26፥44 ላይ ታገኚዋለሽ። አባቴ ቅዳሜ የሚደግሙት የዳዊት 135ኛ መዝሙር «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» የሚለውን 26 ጊዜ ይመልሰዋል፤ አንድም ቀን ረዘመ ሲሉ አልሰማሁም። ቃሉ ከንቱ የሚሆነው ልብ ከውስጡ ሲወጣ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛም በ1974 በጻፉት መልእክት ምስጢሩን ሳያሰላስሉ የሚደርስ መቁጠሪያ ነፍስ እንደሌለው ሥጋ ነው ብለዋል።

እንግዲህ «ልቤ ሽሮ ላይ ነው» ወዳልሽው ደረስን፤ እኔም 40 ዓመት ሙሉ የታገልኩት ከዚሁ ጋር ነው። እናቴ ጥጥ ስትፈትል አይተሽ ቢሆን ኖሮ በተረዳሽኝ። እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሾረውና ወደ ላይ ትስበዋለች፤ ክሩ ከጣቶቿ መካከል እየቀጠነ ይወጣል፤ እሷ ግን አንድም ጊዜ ወደ ክሩ አታይም። ዓይኗ እኛ ላይ ነው። ማን እንደ ወደቀ፣ ማን እንዳኮረፈ ታያለች። እጇ ሥራ ስላለው ልቧ ለእኛ ነፃ ነው። ፍሬውና ሰላምታው የጣትና የከንፈር ፈትል ናቸው። ዓይንሽን ጌታ ላይ ታደርጊ ዘንድ ነው እጅሽ የሚሠራው። ሉቃስ 2፥19 «ማርያም ግን ይህን ነገር ሁሉ በልብዋ እያሰበች ትጠብቀው ነበር» ይላል፤ አንቺም አጠገቧ ተቀምጠሽ የምታደርጊው ይኸንኑ ነው።

ስለዚህ ለጊዜው አምስቱን ምስጢር ተይው። በቀን አንድ ብቻ፣ አንድ አባታችን ሆይ፣ 10 ሰላምታ፣ አንድ ስብሐት ለአብ። ከመጀመርሽ በፊት የዚያን ምስጢር ቦታ ከወንጌል አንብቢ። ሰኞ እመቤታችን ኤልሳቤጥን ልትጠይቅ ወደ ተራራማው አገር ስትሄድ ከሆነ፣ አንቺ የደጋውን ዳገት ታውቂዋለሽ፤ ያረገዘች ሴት ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ እንዴት እንደሚቆራረጥ ታውቂዋለሽ። አብረሻት ሂጂ። ሽሮው ሲመጣም አትደንግጪ፤ «ጌታዬ፣ የነገ እንጀራችንም ያንተ ነው» በይና ወደ ፍሬው ተመለሺ። መቶ ጊዜ ከወጣሽ መቶ ጊዜ ተመለሺ። እንቅልፍ ቢጥልሽም አልቆጣሽም፤ የልጅ እናት ነሽ።

ጥቅሙን ደግሞ ከራሴ ልንገርሽ። መንገድ ተዘግቶ ስልክም ጠፍቶ በነበረባቸው ወራት ሞጣ ያለው ታናሽ ወንድሜ ይኑር ይሙት አላውቅም ነበር። በራሴ ቃል ለመጸለይ ስቀመጥ አፌ ይያዛል፤ አንድ ዐረፍተ ነገር አይወጣኝም። ማክሰኞና ዓርብ የሐዘኑን ምስጢር እይዝ ነበር። ጌታ በጌቴሴማኒ ሲያልበው፣ እናቱ ከመስቀሉ ሥር ስትቆም። ቃሉ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ እኔ የጨመርኩት እንባ ብቻ ነው። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ግን ብቻዬን አልፈራሁም። አማትሽም ያንን መቁጠሪያ በስም ለአንቺ ሲናዘዙ ይህን አስበው ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ባጃጅ እነዳለሁ። መቁጠሪያዬ ኪሴ ውስጥ ተበጥሶ አንድ ፍሬ ጠፋ። የተባረከ ነውና መጣል ፈራሁ፤ በጎደለውስ መጸለይ ይቻላል?»

መልስ፦ ይቻላል፣ ልጄ። ከነጭራሹ መቁጠሪያ ባይኖርህም እግዚአብሔር 10 ጣት ሰጥቶሃል። የተባረከ ዕቃ ፈጽሞ ካረጀ ይቃጠላል ወይም ይቀበራል፤ ቆሻሻ ላይ አይጣልም። አንድ ፍሬ ስለ ጎደለው ግን ቡራኬው አይሄድም፣ ጠግነው። የዓሣ መረብ የሚሠሩበት ናይለን ክር ከሁሉ ይጠነክራል፤ ጣና ዳር ያሉትን አስጋሪዎች ብትጠይቅ አንድ ክንድ አይነፍጉህም።

የእኔም አንድ ጊዜ ተበጥሷል። ለአዲስ ዓመት እናቴ ዘንድ ሄጄ ነው፤ ፍሬው መደቡ ሥር ተበተነ፣ በኩራዝ ፈልገን ከ59ኙ 58ቱን አገኘን። እናቴ የእኔን ጸሎት ወድዳው አታውቅም፣ ተቃውማውም አታውቅም፤ ዝም ትል ነበር። ያን ማታ ምንም ሳትናገር የራሷን መቁጠሪያ ካንገቷ አወጣች፤ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈትታ አንዲት ጥቁር የእንጨት ፍሬ አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። «እማዬ፣ ያንቺ 63 ሆነ እኮ» አልኳት። «አንዷን በጣቴ እቆጥራታለሁ» አለችኝ። ካረፈች 19 ዓመት ሆኗታል፤ ጥቁሯ ፍሬ አራተኛው ምስጢር ላይ፣ ሰባተኛዋ ነች።