መልስ፦ ፍሬን ሲያዝ የኋላ መብራቱ ለሚደክም ቮልስ

ወንድሜ፣ ፍሬን ስትይዝ የኋላ መብራቱ ከደከመ፣ ፍሬቻ ስታበራም አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ሽቦውን በሙሉ ለመቀየር አትቸኩል። መጀመሪያ ማሳውን፣ ማለትም መብራቱን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያገናኘውን የኤሌክትሪክ መመለሻ፣ እይ። የድሮ ቮልስ መብራት ማሳ የሚያገኘው ከቦዲው ነው፤ ዝገትና ድርብርብ ቀለም ይዘጋዋል።

ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ከኔጌቲቩ ሽቦ ስበህ የአምፖሉን ቤት ብረት ንካበት። መብራቱ ከደመቀ ችግሩ ተገኘ። የአምፖሉን ቤት ከቦዲው ጋር የሚያያይዘውን ማሰሪያ ፈተህ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው። እኔ ጋ ሁለት ኤሌክትሪሺያኖች ፊውዝ ሲቀያይሩ ከርመው፣ ጥፋተኛዋ አንዲት የዛገች ብሎን ሆና አረፈችው!

አምፖሉ ባለ ሁለት ክር፣ 21/5 ዋት ይሁን። መኪናህ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ግን 6 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ባትሪውን አይተህ ግዛ።