መልስ፦ የዩኒቨርሲቲ ግዢ ክፍል መቼና ምን እንደሚገዛ ለማወቅ

ወንድሜ፣ ከደብረ ማርቆስ ለዩኒቨርሲቲ ጤፍ ለማቅረብ የግዢ ክፍሉን የወጪ ልማድ እንዴት እንደምታጠና ጠይቀሃል። ያለፉትን ሦስት ዓመታት የጨረታ ማስታወቂያዎች ከበኩርና ከአዲስ ዘመን ጋዜጦች ሰብስብና ዕቃውን፣ መጠኑን፣ የወጣበትን ወርና የጨረታ ማስከበሪያውን (ተወዳዳሪ ለመጫረት የሚያስይዘውን ዋስትና) በአንድ ሰንጠረዥ አስፍር። ዋጋው ማስታወቂያው ላይ አይገኝም፤ ጨረታው ሲከፈት የሚገለጸውን የተወዳዳሪዎች ዋጋ ተከታትለህ መዝግብ።

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ያልተሠራበት በጀት ስለሚመለስ ግንቦትና ሰኔ ላይ የፕሮፎርማ ግዢ (ያለ ግልጽ ጨረታ ከጥቂት ነጋዴዎች ዋጋ ተጠይቆ የሚፈጸም) ይበዛል፤ ይህን የዓመቱ መደበኛ ፍላጎት አድርገህ አትቁጠረው። «ለሁለተኛ ጊዜ የወጣ» የሚለውን በደንብ ምልክት አድርግበት፤ ብዙ ጊዜ በቂ ተወዳዳሪ አልቀረበም፣ ወይም ዋጋው ተወዷል ማለት ነው።

ብዙ ነጋዴ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፦ ጥር ላይ፣ አዲሱ ምርት ገበያውን ሲሞላው፣ በዚያ ወቅት ርካሽ ዋጋ ይወዳደራል፤ ውሉ ግን እስከ ሰኔ በየወሩ አስረክብ ይላል። ክረምቱ ሲቃረብ ኩንታሉ ይወደዳል፣ የውሉ ዋጋ ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ የማስረከቢያ ጊዜውን ከጨረታ ሰነዱ አይተህ መጋዘን፣ ጭነት፣ ማውረጃና የክፍያ መዘግየት ጨምረህ አስላ። የውል ማስከበሪያው (ጨረታውን ስታሸንፍ ውሉን እንደምትፈጽም የምታስይዘው ዋስትና) ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ከሆነና በጥሬ ገንዘብ ካስያዝከው ያ ገንዘብ ውሉ እስኪጠናቀቅ ይታሰራል፤ እህል መግዣህ ውስጥ እንዳትቆጥረው።