በፌራሪ ቤት ከሹማከር በፊት ላውዳን አስቀድማለሁ

«በፌራሪ ታሪክ ትልቁን ተጽዕኖ ያሳደረው ሹፌር ማን ነው? ከሹማከር ሌላ የሚል ካለ ያስረዳኝ» ላልከው ወንድማችን፦ እኔ አለሁ። የማወራው በፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ስለሚወዳደረው ስለ ፌራሪ ቡድን ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

በዋንጫ ከሆነ ክርክር የለም። ሹማከር ከ2000 እስከ 2004 አከታትሎ አምስት ጊዜ በልቷል። ለፌራሪ ብቻ 72 ውድድር አሸንፏል። አንተ የጠየቅከው ግን ተጽዕኖ ነው። እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ውስጥ የኖርኩ መካኒክ ነኝ። ሹፌር የምመዝነው በሌላ ነገር ነው። አንዱ መኪናውን አምጥቶ «ድምፅ አለው፣ እየው» ይልና ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። ሌላው «ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ወደ ግራ ስጠመዝዝ ብቻ ከፊት በቀኝ በኩል ይንኳኳል» ይልሃል። የዚህኛው ሥራ ገና ክሪክ ሳይገባበት ግማሹ አልቋል።

ኒኪ ላውዳ ሁለተኛው ዓይነት ነው። በ1974 ሲገባ ፌራሪ ከ1964 ወዲህ የሹፌሮች ሻምፒዮን አልነበረውም። ላውዳ ራሱ እንዳወራው፣ መኪናውን ሞክሮ ሲወርድ ለፌራሪ መሥራችና ባለቤት ለኤንዞ ፌራሪ «አይረባም» አለው። አስተርጓሚው የኤንዞ ልጅ ፒዬሮ ነበር፤ «እንዲህ ማለት አትችልም» ብሎ ደነገጠ። እስቲ እዚህ ለአንድ ባለንብረት እንዲህ በለውና ቁልፍ ሳታስረክብ ብትውል! ኤንዞ ግን አላባረረውም። «በሳምንት ውስጥ ግማሽ ሰከንድ ካላሻሻልክ ውጣ» አለው።

ከዚያ ፋብሪካው አጠገብ ባለው ፊዮራኖ የሙከራ መንገድ ላይ ከመሐንዲሱ ማውሮ ፎርጊዬሪ ጋር ተያይዘው ዋሉ። ይነዳል፣ ይናገራል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይነዳል። በ1975 የመጣው 312ቲ የተባለው መኪና ካምቢዮው በአግድም የተገጠመ ነበር። ክብደቱ ወደ መኪናው መሀል ስለገባ ኩርባ ላይ ታዛዥ ሆነ። በዚያው ዓመት ላውዳ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1977ም ደገመው። በመሀል 1976 ጀርመን ውስጥ ኑርበርግሪንግ ላይ መኪናው ውስጥ ተቃጥሎ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ቁስሉ ሳይደርቅ ጣሊያን ውስጥ ሞንዛ ላይ አራተኛ ወጣ። የዚያን ዓመት ዋንጫ ለተፎካካሪው ጄምስ ሀንት ያጣው በአንድ ነጥብ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳን ይዘገንነኛል።

ሹማከርስ? ሁለተኛ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። የፌራሪ ሹፌር የነበረው ሼክተር በ1979 ከወሰደው ዋንጫ ወዲህ የነበረውን የ21 ዓመት ድርቅ የሰበረው እሱ ነው። ሥራ ወዳድነቱም ለመካኒክ ደስ ይላል። ነገር ግን በ1996 ሲመጣ የቡድኑ አለቃ ዣን ቶድት ቤቱን ማስተካከል ጀምሮ ነበር። መሐንዲሶቹ ሮስ ብራውንና ሮሪ በርንም ከቀድሞ ቡድኑ ከቤኔቶን ተከትለውት መጡ። ላውዳ ከሹማከር ያነሰ እገዛ ነበረው ባይ ነኝ።

ሌላውን የፌራሪ ሹፌር ጊልስ ቪልነቭን የምታነሱ አላችሁ። ስድስት ውድድር ብቻ አሸንፎ በ1982 ቤልጅየም ውስጥ ዞልደር ላይ ሞተ፤ ጣሊያኖች ዛሬም አልረሱትም። ተወዳጅነት ግን ሌላ ነገር ነው። አስካሪ የ1952ን እና የ1953ን ዋንጫ ወስዷል፤ የመጀመሪያው የፌራሪ ሻምፒዮን ነውና ሦስተኛ ይሁን።

አሎንሶ የሚል ደግሞ አይጠፋም። በ2010 እና በ2012 ዋንጫው በመጨረሻው ውድድር ነው ያመለጠው። በአነዳዱ ቃል አይወጣኝም። ግን በ2014 መጨረሻ ሲለቅ እሱ ቀይሮት የሄደ ነገር ካያችሁ ንገሩኝ፤ እኔ አላየሁም።