2,500 ግራም ብዬ የጻፍኩት ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን ነበር። አንዲት ወጣት አዋላጅ ነርስ አብራን አለች። በጨቅላ ሕፃናት ላይ ለሚሠራ ጥናት መረጃ ትሰበስባለች። ታብሌቷን ስትነካካ ቆየችና ቀና ብላ፣ “ጋሼ፣ ይሄኛው ልጅ ቤት ነው የተወለደው። ሚዛን ላይ አልወጣም። ክብደቱን በግምት ብሞላው ምን አለበት?” አለችኝ።

ቀለል አድርጋ ነው የጠየቀችው። እኔ ግን ቶናው ሳይደርስ ተነሥቼ ወጣሁ። ነገሩ ሳይገርማት አልቀረም። ይህን የምጽፈው ለእሷና ለእኩዮቿ ነው።

ሃያ ዓመት አልፎታል። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ጤና ተቋም እሠራ ነበር። ጎን ለጎን ደግሞ ከ2,500 ግራም በታች ሆነው የሚወለዱ ሕፃናትን ለሚከታተል ጥናት ዳታ እሰበስባለሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ እናቱ ትጠየቃለች። ከተስማማች ሦስት ቀን ትቆያለች። ልጁን ደረቷ ላይ ገላ ለገላ አድርጋ ማቀፍ ትማራለች። ከዚያም በቀጠሮ ትመለሳለች። የእኔ ድርሻ መጠይቁን መሙላት ነው። 11 ገጽ! አበሉ በወር የተቆረጠ ስለሆነ አንድ ብሞላም ሃያ ብሞላም ኪሴ ያው ነው።

ኅዳር ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ከደሴ ማዶ ካለችው ከደጋዋ ኩታበር የመጣች አንዲት ልጅ ወንድ ልጅ ወለደች። ዘመድ ጥየቃ ወርዳ ነው ምጡ ኮምቦልቻ ላይ የያዛት። እናቷ አብረዋት አሉ። ያቺ የምትንጠለጠል ሚዛን ላይ ሰቀልኩት። መርፌዋ 2,300 እና 2,400 መካከል ቆመች። የዚያን ሌሊት ሦስተኛዬ ናት፣ ዓይኔ እየተከደነ ነው። 11ዱ ገጽ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ካርዱ ላይ 2,500 ብዬ ጻፍኩ። ካርዱና መዝገቡ እንዳይለያዩ መዝገቡም ላይ 2,500 አልኩ። ጥናቱ የሚቀበለው ከ2,500 በታች የሆነውን ነው። 2,500 ራሱ አይገባም። ልጁን አመጣሁና የጥናቱ በር ላይ አቆምኩት።

አያትየው ልጁን አየት አደረጉና “አላነሰም እንዴ ዶክተር?” አሉኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ለእሳቸው ዶክተር ነው።

“አብሽሩ እናቴ፣ ደህና ልጅ ነው” አልኳቸው።

በማግስቱ ከሰዓት ወጡ። ኮምቦልቻ ፀሐዩ ጥሩ ነበር። ልጁ በአንድ ነጠላ ተጠቅልሏል።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን አቀበት የወጣ ሰው የምለው ይገባዋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴ 2,500 አካባቢ። በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፣ ግን ሌላ አገር ነው። ተማሪ ሳለሁ በሸሚዝ ብቻ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ጉሙ ውስጥ ስገባ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ሾፌሩ አዝኖ ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስንደርስ ሳልመልስለት ወረድኩ። ረስቼ ነው ብል ማን ያምነኛል። ኮቱን ሦስት ዓመት ለብሼዋለሁ። ያን ብርድ ገላዬ ያውቀዋል፤ ልጁ በነጠላ ሲወጣ ግን ትዝ አላለኝም።

ትንሽ ሕፃን እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ ራሱን አያሞቅም። ስቡ ጥቂት ነው፤ ከክብደቱ ጋር ሲተያይ ደግሞ ለብርድ የሚጋለጠው ገላው ሰፊ ነው። የሰውነቱ ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ ሲወርድ ያለችውን ጉልበት ሙቀት ለመፍጠር ያቃጥላታል። ከዚያ ጡት ለመሳብ ይደክማል። ካልጠባ ስኳሩ ይወርዳል። ስኳሩ ሲወርድ የበለጠ ይቀዘቅዛል።

ጥር ላይ ደሴ ሰኞ ገበያ አያትየውን አገኘኋቸው። ባቄላ ይሸጣሉ። ያወቁኝ እሳቸው ናቸው። “ያ ልጅ እኮ በስድስተኛው ቀን ጡት እምቢ አለ” አሉኝ። “ገላው እንደ ውርጭ ሆነብን። አላህ የወደደውን አደረገ።” ቀጥለው፣ ምንም ቁጣ ሳይኖርበት፣ “ትንሽ ነው ብያት ነበር። ልጄ ግን ‘ዶክተሩ ደህና ነው ብሏል’ አለችኝ” አሉ። ባቄላ በሁለት እጄ ሞልተው ሰጡኝ። ተቀበልኩ። ምን እላለሁ? ለጥናቱ ኃላፊም አልተናገርኩም።

ያ ልጅ ጥናቱ ውስጥ ቢገባ ይተርፍ ነበር? ጥናት ብዙ ልጆችን ከብዙ ልጆች ጋር ያስተያያል እንጂ ስለ አንድ ልጅ አይምልም። ገላ ለገላ ማቀፍን እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ የጀመሩት ሐኪም ኤድጋር ሬይ ናቸው፤ ማሞቂያ ስላልበቃቸው። መጀመሪያ ላይ የድሃ አገር ሕክምና ነው ብሎ ያናናቀው ብዙ ነው። በኋላ አዲስ አበባ ላይ ከ2,000 ግራም በታች ሆነው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ጥናት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። ቶሎ ገላ ለገላ ከታቀፉት ከመቶ 22 ገደማ ሞቱ፤ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 38። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ 3,211 ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት ወጣ። እስኪረጋጉ ሳይጠበቅ ወዲያው ሲታቀፉ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት በሩብ ገደማ ቀነሱ። ውጤቱ ግልጽ ሲሆን ጥናቱ ከታሰበው ቀን በፊት እንዲቆም ተደረገ፤ ሌሎቹን ልጆች እያዩ መከልከል ነውር ነዋ።

እነዚህን ቁጥሮች ሳነብ ሐኪሞቹ አይታዩኝም። የሚታየኝ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መርፌዋን የሚያነበው ሰው ነው።

ስለ ዛሬ ልጆች አንድ ነገር ልበል፤ ተቀየሙኝ ካላችሁም ተቀየሙ። ቸኩላችኋል። ጥናቱ የማስተርስ ወረቀት ማለቂያ፣ አበሉ የስልክ መግዣ ሆኗል። እናትየዋን ቀና ብሎ የሚያይ ጠፍቷል፣ ሁሉም ታብሌቱ ላይ ተደፍቷል። ይህን ብዬ ደግሞ ራሴን እታዘባለሁ፤ 2,500 ብሎ የጻፈው የዛሬ ልጅ አይደለም። እንዲያውም ታብሌቱ ፎርሙ ስንት ሰዓት ተከፍቶ ስንት ሰዓት እንደተዘጋ ይመዘግባል ይባላል። ያኔ ቢኖር እኔን ይይዘኝ ነበር።

እናትየዋን ስለምታስፈቅዱበት መንገድ፣ እጅ ስለመታጠብ፣ ስም ስለመደበቅ አልመክራችሁም። ተምራችሁታል። ሁልጊዜ የምለው ግን አለ፦ ከፎርሙ በፊት ልጁን እዩ። ወረቀት ይቆያል፣ ልጅ አይቆይም። ነገር ግን ያን ሌሊት ፎርሙን አስቀድሜ ቢሆን ኖሮ ልጁ ሦስት ቀን ይቆይ ነበር። እንግዲህ የቱን ልበላችሁ?

የጥናቱ ሪፖርት ሲወጣ አንድ ቅጂ ደረሰኝ። የሞቱት ወደተዘረዘሩበት ሠንጠረዥ ሄድኩ። በኅዳር የተወለዱትን በጣቴ ተከትዬ ፈለግሁ። የለም። እንዴትስ ይኖራል? ከሞቱትም ከተረፉትም አይደለም፤ አልተመዘገበማ።

የዚያኑ ቅዳሜ ማታ ለአዋላጇ ልጅ ደወልኩላት።

“ለማይታወቅ ኮድ የላችሁም?” አልኳት።

“አለ፣ 9999። ግን ሱፐርቫይዘሩ 9999 ሲበዛበት ይቆጣል።”

“ይቆጣ። 9999 በይ።”

“እሺ ጋሼ” አለች። ትንሽ ዝም ብላ፣ “ቡናውን ግን ለምን ጥለውት ሄዱ?” አለችኝ።