ያ ሰማያዊና ቢጫ ሎኮሞቲቭ ምን ዓይነት ነው?

ወንድሜ፣ አውስትራሊያ ሜልቦርን ላይ ኮንቴይነር ሲጎትት ያየኸው ሰማያዊና ቢጫ ሎኮሞቲቭ ዓይነቱ ምንድን ነው ላልከው፦ ቀለሙ የሚነግርህ ባለቤቱን ነው፣ ይሄኛው ፓሲፊክ ናሽናል የሚባለው የጭነት ባቡር ድርጅት ይመስላል። ዓይነቱን ከፈለግህ ቁጥሩን እይ፣ ከሁሉ በፊት ቁጥሩን! «ኤን አር» (NR) ብሎ ከጀመረ፣ ከ1996 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ናሽናል ሬይል ለሚባለው ድርጅት ከተሠሩት 120 ሎኮሞቲቮች አንዱ ነው፤ ጉልበቱ ወደ 4,000 የፈረስ ጉልበት ይጠጋል። በ81 የሚጀምር ባለ አራት አሃዝ ከሆነ ግን መጀመሪያ ለኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት መንግሥት ባቡር የተሠራው «81» የሚባለው አንጋፋ ዓይነት ነው፣ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው። ደግሞ በቀለም እንዳትሸወድ፣ መንገደኛ የሚጭነውን «ዘ ጋን» የተባለውን ባቡር የሚጎትቱት ቀያዮቹም ኤን አር ናቸው። ፎቶ ካነሳህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።